ሰማያዊው ባልዲ

የጁስ ቤቱ ሰውዬ የሻይ ሻጩን መንጋጋ የሰበረው በጠራራ ፀሐይ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየው ነው። መጀመሪያ ጠረጴዛውን በእርግጫ ገለበጠው፤ ብርጭቆዎቹ አስፋልቱ ላይ ረገፉ። ከዚያ ሽማግሌውን በአንገትጌው ጨምድዶ ከግድግዳ ጋር አላተመው።

«ወንድሜን ልትገድለው ነው? በቀን ስንት ማንኪያ ስኳር ነው የምትግተው?»

ሻይ ሻጩን የሰፈሩ ሰው «አንድ ማንኪያ» እያለ ነው የሚጠራው፤ ማንም ሲቀመጥ «አንድ ማንኪያ ወይስ ሁለት?» ሳይል ቀድቶ ስለማያውቅ።

«ልጄ፣ ወንድምህ እኔ ጋ ሻይ ከጠጣ ዓመት አልፎታል» አለ በሰለለ ድምፅ።

«ውሸታም!»

ቡጢው አገጩ ላይ ሲያርፍ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌው ተንሸራቶ ተቀመጠና ሁለት ጥርስ ከነደሙ መዳፉ ላይ ተፋ። ሁለተኛው ቡጢ እንኳ ባይጨመር ምን ነበር! ግን ተጨመረ። ዓይኑ ደም የለበሰ ሰው መቁጠር አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው ከበያጁ እግር ነው። በያጁ የጁስ ቤቱ ሰውዬ ታላቅ ወንድም ነው፤ አባታቸው ሲሞት በብየዳ እሳት ዓይኑን እያስጠበሰ ታናሹን ያሳደገ፣ ለሰው ደግ፣ ለራሱ ግን ግድ የለሽ። እሳት ያስጠማል፤ እሱም ጥሙን በቀን ሦስት አራት ጠርሙስ ለስላሳ ሲያበርድ ኖረ። ስኳር በሽታ መጣና ሁለት የእግር ጣቶቹን ወሰደ። ሐኪሙም «ጣፋጭ መጠጥ ካልተውክ ቀጥሎ የምቆርጠው ከጉልበትህ በታች ነው» አለው።

ያን ቀን ታናሽየው አለቀሰ። ከፋርማሲ ከቅጠል የተሠራ ማጣፈጫ ገዛ፤ ስኳር የሌለበት፣ በጠብታ የሚለካ። «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ የምትጠጣው የእኔን ብቻ ነው። በእኔ እጅ ስኳር ከገባብህ ይሄ እጄ ይቆረጥ!» ብሎ ማለ። እውነትም ቀን በቀን፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ የማንጎ ጁስ በአምስት ጠብታ አጣፍጦ ራሱ ተሸክሞ ብየዳ ቤቱ ድረስ ይወስድለት ነበር። በያጁም ጠርሙሱንም ሻዩንም እርግፍ አድርጎ ተወ።

ስኳሩ ግን አልወረደም። ቁስሉ ጠቆረ። በመጨረሻ ሐኪሙ ታናሽየውን ለብቻው ጠርቶ «እግሩ ሐሙስ ጠዋት ይቆረጣል። ይሄ ሰው ተደብቆ የሚጠጣው ነገር አለ» አለው።

«በአባታችን አጥንት!» አለ በያጁ ሲጠየቅ። «ካንተ ጁስ በቀር ጣፋጭ ነገር በአፌ አልዞረም።»

ታናሽየው በንቀት ሳቀበት። ብየዳ ቤቱ አጠገብ ማን አለ? ሻይ ሻጩ። ቀጥ ብሎ ሄደ፤ የሆነውም ከላይ የነገርኳችሁ ነው።

ፖሊስ ሲመጣ ሻይ ሻጩ በእጁ ምልክት «ወድቄ ነው» አለ። ለበያጁ ሲል ነው እንጂ ለደብዳቢው አዝኖ አይደለም። የደብዳቢው ሚስት ግን አልማረችውም። ረቡዕ ዕለት በሩ ላይ ቆማ «ሰውየው ማኘክ አይችልም። በእጅህ የሰበርከውን በእጅህ መግበው» አለችው።

እሱም ለወንድሙ የሚሠራውን ጁስ ሠራ። ሽማግሌ ነው ብሎ ስኳር አልጨመረም፤ አምስት ጠብታ ብቻ አድርጎ ይዞለት ሄደ።

ሻይ ሻጩ ፊቱ አባብጦ፣ መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ትንሿ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጧል። በስትሮ ሁለቴ ሳበና አቆመ። ከንፈሩን በምላሱ ዳበሰ።

«ስንት ማንኪያ ነው?» አለ በታሰረ ጥርሱ መካከል።

«ስኳር የለውም፣ አባባ። ማጣፈጫ ጠብታ ነው። ለወንድሜ የምሠራው ነው።»

«ከንፈር ያጣብቃል። ሠላሳ ዓመት ስኳር ሳማስል ኖሬ አላጣውም።» ጠረጴዛው ላይ ወደ ፈሰሰችው የጁስ ጠብታ ጠቆመ፤ ዝንቦች ከብበዋታል። «ማንጎውን በምንድነው ያቀጠንከው?»

«በማቅጠኛው ነ…»

ዓይኑ ዝንቦቹ ላይ ቀረ።

ማንጎ ወፍራም ስለሆነ መፍጫው አያዞረውም። ስለዚህ ጁስ ቤቱ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ሁለት ኪሎ ስኳር በውሃ ይፈላና በሰማያዊ ባልዲ ይቀመጣል፤ ከዚያ በየብርጭቆው አንድ ጭልፋ። ሙያውን ያስተማረው ሰው እንደዚያ አሳየው፤ እሱም አሥራ አምስት ዓመት እንደዚያ አደረገ። ስኳር የሚባለው ለእሱ ደንበኛ ሲጠይቅ በማንኪያ የሚጨመረው ነው። ባልዲው ማቅጠኛ ነው። ለወንድሙም ቀን በቀን አንድ ጭልፋ! ሲቀምሰው ይጣፍጣል፤ እሱ ደግሞ የጠብታው ጣዕም ይመስለዋል።

ሮጠ። ጁስ ቤቱ ሲደርስ ባልዲውን አንስቶ ከመደርደሪያው ጋር አጋጨው። መፍጫውን መሬት ላይ ፈጠፈጠው፤ በመዶሻ እየደጋገመ ወቀጠው። ደንበኞች እየጮኹ ወጡ። የፈሰሰው ሁሉ ጫማው ሥር ይጣበቅ ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ሆስፒታል ሲደርስ በያጁ ትራስ ተደግፎ የጠቆረ እግሩን ያያል። ታናሽየው ከአልጋው ሥር ተንበርክኮ ሁሉንም ነገረው፤ ባልዲውን፣ ጭልፋውን፣ የሽማግሌውን መንጋጋ።

በያጁ ትራሱን ለቆ ቀና አለ።

«ቀረብ በል» አለ።

ቀረበ። ብረት ሲያጎብጥ የኖረው ክንድ ተወረወረና አፉ ላይ አረፈ። ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ነርሷ ስትጮህ በያጁ በሁለተኛ እጁ ታናሹን በሸሚዙ ይዞ አስጠጋው።

«እጅህ እንዲቆረጥ አልፈልግም፤ ነገ ማን ደግፎኝ ሊቆም? እግሬም ይሁን፣ ሳታውቅ ነው።» ድምፁ ተሰበረ። «እኔ ግን በአባታችን አጥንት ማልኩልህ። ሳቅክብኝ። እሱ ነው ያረደኝ።»

ታናሽየው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

«ውሃ ስጠኝ» አለ በያጁ ለቆት። «ውሃ ብቻ። መጀመሪያ አንተ ቅመሰው።»

ታናሽየው ከጆጉ ሁለት ብርጭቆ ቀዳ። አንዱን አንስቶ ተጎነጨ። አፉን የሞላው ደም ነበር፤ ከደሙ ሌላ የሚቀምሰው ነገር አጣ።

«እንዴት ነው?»

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ» አለ። «አላውቀውም።»

በያጁ ሌላኛውን ብርጭቆ ተቀበለ። ጣቱን ነክሮ ከንፈሩን ዳበሰ፤ እንደማያጣብቅ ካረጋገጠ በኋላ ጠጣ።