ከላይ የተቀመጠው መጽሐፍ

ሞጣ ላይ ሆስፒታል ሲከፈት ግድግዳውም ሠራተኛውም አዲስ ነበር። አሮጌ ቢባል የመጻሕፍት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ወልደ ኪዳን ብቻ ናቸው። ብቸና ተወልደው፣ ዕድሜያቸውን የደብር ዕቃ ቤት መጻሕፍት ሲጠብቁ ኖረው፣ በስተእርጅና የማታ ትምህርት ቤት ገብተው የእንግሊዝኛ ፊደል ቆጠሩ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! ሐኪሙ ዶክተር ኃይለ ሚካኤል "ላይብረሪያናችን" ሲሏቸው ደረታቸው ይነፋል።

በእርዳታ የመጡትን መጻሕፍት እንደ ለመዱት ደረደሯቸው። በዕቃ ቤት ወግ መጽሐፍ ባረጀ ቁጥር ይከበራል፤ ብዙ እጅ የዳሰሰው ከላይ ይቀመጣል። ስለዚህ በቀይ ቆዳ የተጠረዘውን ወፍራሙን የሕክምና መጽሐፍ ከላይ አኖሩት። ዶክተሩ ከአዲስ አበባ ያመጧት፣ ሽፋኗ ወረቀት የሆነች አዲስ ስስ መጽሐፍ ግን የተማሪ ደብተር መስላ ታየቻቸውና ሣጥን ውስጥ ከተቷት።

አንድ ቅዳሜ፣ ዶክተሩ ደብረ ማርቆስ ሄደው ሳለ፣ ሀብትነሽ የምትባል ጠላ ሻጭ ትንሽ ልጇን ታቅፋ እየጮኸች ገባች። ልጅቱ ውሃ መስሏት ከጠርሙስ ላምባ ጠጥታለች። ትስላለች፤ ግን ዓይኗ ንቁ ነው፤ እናቷን ታያለች። የሐኪሙ ረዳት፣ ድሬሰሩ ይርሳው ወደ መጻሕፍት ክፍሉ በሩጫ መጣ።

"ጋሼ፣ ላምባ ለጠጣ ምን እንደሚደረግ የሚናገር መጽሐፍ! ቶሎ ይበሉ!"

አቶ ወልደ ኪዳን አልተርበተበቱም። ቀዩን አውርደው ገጹን ራሳቸው ገለጡለት። በጨው ውሃ አስመልሱት ይላል። ይርሳውም እንደተጻፈው አደረገ። ልጅቱ ባስመለሰች ቁጥር ትንፋሿ እያጠረ፣ ከንፈሯ እየጠቆረ ሄደ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች።

ዶክተሩ ተመልሰው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

"ማን ነው አስመልሱ ያላችሁ?"

ይርሳው ቀዩን መጽሐፍ አሳያቸው። የታተመበትን ዘመን አይተው መጽሐፉን ከደኑት። ከዚያም፣ "ያቺ አዲሷስ የት ሄደች?" ብለው ጠየቁ። አቶ ወልደ ኪዳን ከሣጥን አወጧት። ዶክተሩ ገልጠው አነበቡላቸው፤ ላምባ የጠጣን ሰው ማስመለስ ክልክል ነው፣ ሲወጣ ወደ ሳንባ ይገባልና።

"ሳትነካኳት ብትጠብቋት ኖሮ ትድን ነበር" አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

 ላምባውን ልጅ ከሚደርስበት አስቀመጥሽ ብሎ ባሏ ሀብትነሽን ነፍሰ ገዳይ እያለ ከቤት እንዳባረራት ከተማው ሁሉ ያወራል። አቶ ወልደ ኪዳን ይህን ሰሙ። በእሳቸው ጥፋት ሌላ ሰው ሲኮነን እንዴት ዝም ይበሉ? ነጠላቸውን አጣፍተው ለቅሶ ሄዱ። ሀብትነሽ እናቷ ቤት፣ ጥግ ላይ ተኮራምታ ነበር።

"ልጄ፣ የገደልኋት እኔ ነኝ እንጂ አንቺ አይደለሽም። የሚያድናትን መጽሐፍ ሣጥን ከትቼ፣ የሚገድላትን አውጥቼ ሰጠሁ" አሉና ሁሉንም ነገሯት።

እንዲህ ስላት ይቀላት ይሆናል ብለው ነበር። ሀብትነሽ ቀና ብላ አየቻቸው።

"አባቴ፣ የሚደረገው ሁሉ ተደርጎላት እግዜር ወሰዳት ብዬ ነበር የምጽናና። የጨዉን ውሃ እምቢ ብላ ስትታገል፣ እጅና እግሯን ይዤ ያስጋትኋት እኮ እኔ ነኝ። 'እማዬ ይበቃኛል' ስትለኝ፣ ለደኅናሽ ነው ብዬ ጠጪ ያልኋት እኔ ነኝ። ምነው ይህን ባይነግሩኝ?"