ደርቋል የተባለው አበባ

ጎረቤቴ እንግዳው ደግ ሰው ነው። ከደግነቱ ይሰውረኝ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ!

ባሌ አስቻለው በሕይወት ሳለ ከባሕር ዳር አንድ አበባ አምጥቶ ዳንግላ ደጃፋችን ላይ ተከለ። አበባው ጠባየኛ ነው። በጋ ሲገባ ቅጠሉን አንድ ሳያስቀር ያራግፍና ራቁቱን ይከርማል፤ ከዚያ ከባዶው እንጨት ጫፍ ነጭ አበባ ያወጣል። አስቻለው "ኢየሩስ ስትዳር የምትይዘው ከዚህ ነው" ይል ነበር። ልጃችን ያኔ ገና ድክ ድክ ትላለች። እሱ ለሠርጓ አልደረሰም፤ አበባው እንኳ ይድረስላት ብዬ በክረምት ሥሩ እንዳይበሰብስ ቦይ ቀደድሁለት፣ ለውርጩ ጆንያ አለበስሁት። አላፊ አግዳሚው "እንጨት ማልበስ ጀመርሽ?" እያለ ሳቀብኝ።

ሠርጉ ለሚያዝያ ተቆረጠ። እንቡጡ ብቅ ብቅ ሲል ለሚዜዎቹ ጨርቅ ልገዛ እንጅባራ ደርሼ ብመለስ፣ ጉቶ ብቻ! እንግዳው ገጀራውን ይዞ ፈገግ ብሏል።

"እትዬ ደጊቱ፣ ደርቆ ደጅዎን አስጠልቶት ነበር። ሠርግ አይደል? ገላገልሁዎት።"

"እሰይ፣ እሰይ! ደርቋል ያለህ ማን ነው?"

"ኧረ እትዬ! ዕድሜ ልኬን የደከረንስ ዛፍ እየቆረጥሁ ከሰል ሳከስል ደረቅና እርጥብ ይጠፋኛል?"

ጉቶው ወተት የመሰለ ፈሳሹን ያንጠባጥባል። ከሰል አዋቂው አላየውም።

"እንጨቱስ?"

"አልነድ አለኝ፤ ጭስ ብቻ! አጥሬ ላይ ሻጥ ሻጥ አደረግሁት።"

ከዚያ ወዲያ ተኳረፍን። እኔ ነኝ የተኳረፍሁት፤ እሱ እንኳ አላወቀም።

በሠርጉ ሳምንት እነዚያ "ደረቅ" እንጨቶች እሱ አጥር ላይ ነጭ በነጭ ሆኑ! መቀስ ይዤ ሄድሁ።

"እንዴ፣ እትዬ! ምን በደለዎት? አበባ እኮ አይቆረጥም፣ ያሳዝናል!" አለኝ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ልሰድበው አፌን ከፈትሁ። የወጣው ግን ሌላ ነው። "አስቻለው ለልጁ ሠርግ የተከለው ነው" አልሁት።

እንግዳው መቀሱን ተቀበለኝና አንድም ሳያስቀር፣ እንቡጡን ጭምር መለመለው። መቼም ይህ ሰው በልክ መቁረጥ አልፈጠረበትም።

ኢየሩስ አበባውን ታቅፋ ጸሎት ቤት ስትገባ አለቀስሁ። ከኋላዬ ሌላ ሰው ሲንሰቀሰቅ ሰማሁ። ዞር ብል እንግዳው ነው፤ ከእኔ ከእናቲቱ ይብስ ጮኾ ያለቅሳል። መሐረቤን አቀበልሁት።