ያልዞረው ሞተር

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጋሽ ሶርሳ ለልጁ ለሩት የገጣጠመላት ሞተር ግን ከሁለቱም ባሰ። ነዳጅ መስጫው እጀታ አንዴ ከተጠመዘዘ በቃ፣ አይመለስም። እጅ ተነሥቶም ሞተሩ እያጓራ ይቀጥላል።

ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ሩት ገሱባ ከተማ ላይ አስተማሪ ሆና ተመድባለች፤ ሰኞ በዚህ ሞተር ልትሄድ ነው። ያንን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቁልቁለቱ ላይ ነዳጁ ተይዞ ከቀረማ፣ የሚከተለውን አፌን በዳቦ! እናቷ ከሞተች ወዲህ ሶርሳ ካለ እሷ ማን አለው?

ሶርሳ እዚሁ ሶዶ ሞተር ሲጠግን የሸበተ ሰው ነው። ይህንንም ከሦስት የሞተር ሬሳ ሠራው። ኢንጂኑ ከአንዱ፣ ሻንሲው ከሌላው። መሪውን ደግሞ ሩት እጇ አጠር ስለሚል ወደ ኋላ እንዲመጣላት ራሱ አጎበጠው። እጀታውና ነዳጁን የሚስበው ካቦ የጦና ነበሩ።

ጦና በሕመም የሞተ ጎልማሳ ነው። በወላይታ ድሮ ሰው ሲሞት ፈረሱን የለቅሶው ሜዳ ላይ ያዞሩት ነበር፤ ለቀስተኛው የባለቤቱን ስም እየጠራ ያለቅሳል፤ በለቅሶ የተጠራን ስም አቤት የሚለው ሟቹ ብቻ ነው ይባላል። ዛሬ ፈረስ ከየት ይመጣል? ሞተር ይዞራል። የጦና እናትም ይህንኑ አስባ ነበር። ሶርሳ ግን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አይደል? «ተዪው እማማ፣ ይሄ የድሮ ነገር ነው። ብረት ብረት ነው» አላትና ሬሳው ሳይወጣ ሞተሩን ገዝቶ ፈታታው። አሮጊቷ አልተከራከረችም።

እንግዲህ ብልሽቱን ፍለጋ ገባ። ካቦውን አውጥቶ ዘይት አንቆረቆረበት፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ያለ አንዳች እንከን ይንሸራተታል። ካርቡራተሩን አጠበ፣ ሞላውን በአዲስ ቀየረ። ካቦው የሆነ ቦታ ታጥፎ እንደሆነ ብሎ ነዳጅ ሳይጨምር በሚኒሞ አስነሥቶ መሪውን ግራ ቀኝ አዞረ፤ ድምፁ አልተለወጠም፣ አልታጠፈም ማለት ነው። ለየብቻ ሲፈተኑ ሁሉም ደህና። ሲገጥማቸው እንደገና ይይዛል። በመጨረሻ ካቦውን ራሱን በአዲስ ተካው። ያው ነው!

አንድ ጠዋት ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ያልተነሣውን ሞተር እጀታ ያዝ አደረገው። ሞቅ ብሏል፤ ሰው አሁን የለቀቀው ይመስል። መዳፉ ውስጥም ቀስ ብሎ ዞረ። ሶርሳ እጁን ነጥቆ ቱታው ላይ ጠረገ፣ ለምን እንደጠረገም አላወቀም።

«ጋሼ፣ የጦና ሞተር እኮ ሳይዞር ነው የቀረው» አለው ጎረቤቱ ጎሚስታው መልአኩ፣ ጎማ እየነፋ። «ወይ እጀታውን ጣለው፣ ወይ ወስደህ አዙርለት።»

«ሂድ ወዲያ! አንተ ደግሞ ጠንቋይ ልትሆን ነው?»

እጀታውን ቢቀይረው ይሻለው ነበር። ግን መልአኩ ፊት መቀየር ሽንፈት መሰለው። ማንም ሳያይ አንድ ጊዜ ማዞር ቀለለው። እልኸኛ ሰው እንዲህ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት የዳሞታ ተራራ ጉም ወርዶ ከተማውን ሲያለብሰው፣ ሶርሳ እጀታውን በትንሹ ብቻ ጠምዝዞ ወደ ለቅሶው ሜዳ ነዳ። ቆቡን አውልቆ ቀስ ብሎ ዞረ። «ጦና፣ ይኸው ዞረልህ። ልጄን ተዋት» አለ በወላይትኛ፣ እያፈረ። እጀታው ለቀቀ! ጠመዘዘው፣ ተመለሰ። እንደገና ጠመዘዘው፣ ተመለሰ። እሰይ! ደስታው እንባ በእንባ አደረገው።

ቀና ሲል ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ከጉሙ ወጥተው ቆመዋል።

«የማን ሞተር ነው?» አለች አንዷ ቀስ ብላ።

«የልጄ ነው! የሩት!»

ወይ ሶርሳ! የት ሆነህ፣ ምን እያዞርክ፣ እንዲህ ይመለሳል? ሴትዮዋ ሸክሟን ጣለችና ደረቷን መታች። «እኔን! ሩትዬ! ሩትን!»

«ኧረ ደህና ናት!» ሊል አፉን ሲከፍት እጀታው በራሱ ዞረ። ሞተሩ አገር ምድሩን አናጋው። ቁልፉን ዘጋ፤ አልጠፋም። ጮኸ፤ የራሱን ድምፅ እንኳ አልሰማም። ዋይታው ከሴት ወደ ሴት፣ ከሜዳው ወደ መንገዱ ተሻገረ። ሁሉም ማልቀስ ሲጀምር ሞተሩ እርጭ አለ።

«ደህና ናት! ቤት ናት ያለችው!» አለ ሶርሳ።

«አይ የአባት ነገር፣ አላመነም እኮ» አሉና ባሰባቸው።

አስነሥቶ ወደ ቤቱ በረረ። ሞተሩ አሁን ቅቤ ሆኗል። ሩት በር ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ በሕይወት አለች፣ እጇ እርጥብ ነው። ሮጣ መጥታ እጀታውን ጠምዝዛ ለቀቀችው። ጠቅ ብሎ ተመለሰ።

«አባ! ሠራኸው!»

ሶርሳ ፒንሳውን አነሣና ካቦውን በጠሰው።

«ምን ነካህ አባ?»

ይኼኔ ዋይታው በቁልቁለቱ በኩል ተሰማ። ሩት ነጠላዋን ከገመዱ ላይ ሳበች።

«ሰው ሞቷል። ልድረስ።»

«አትውጪ!» ክንዷን ያዘ።

«ለቅሶ ተሰምቶ ቤት ይቀመጣል እንዴ? ነውር ነው» ብላ አስለቀቀችውና ወጣች። እሱም ተከተላት።

ከፊት ያሉት ሴቶች አይተዋት ባሉበት ደረቁ። ሩት እንባዋ ቀድሟት፣ ማን እንደሞተ ጠየቀቻቸው። ከኋላ ያሉት ግን በጉሙ ውስጥ አላዩዋትም፤ ስሟን እየጠሩ ይመጣሉ። «ሩት! ሩት!»

ሶርሳ አፏን ሊይዝ እጁን ሰነዘረ። እሷ ግን ስሟ ተጠርቶ ዝም ማለት አታውቅም።

«አቤት!» አለች።