ሁለት ሰዎች ያሰሉት ጉብታ

ፕሮፌሰር ኢቢሮንኬ አላዴ ከዶክተር ላዲፖ ኦዬላራን ጋር የጀመረችው ጥናት ለምን ሳይታተም እንደቀረ በናይጄሪያዋ ኢባዳን ከተማ ሁለት ወሬ አለ።

የዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ክፍል መምህራን ጠቡ የስም ቅደም ተከተል ነበር ይላሉ። ማን ይቅደም በሚል ተነታረኩ፤ እሱ በዕድሜ እበልጣለሁ አለ፣ እሷ አብዛኛውን የሠራሁት እኔ ነኝ አለች፣ እሱም ተቀይሞ ወደ ስዊድን ሄደ። ታላቅ እህቷ ኢያ ታይዎ ግን ይህን ስትሰማ ትስቃለች። በእሷ አባባል ላዲፖ ሽማግሌ ሊልክ ሲሰናዳ ኢቢሮንኬ ከቁጥር በቀር ባል አልፈልግም ብላ መለሰችው። ኢያ ታይዎ መንትዮች ወልዳ በበኩር መንትያዋ ስም፣ የታይዎ እናት ተብላ፣ መጠራት ከጀመረች ወዲህ ስለ ትዳር የምትናገረውን የሚያርም ሰው የለም።

ኢቢሮንኬ አንዱንም ወሬ አስተባብላ አታውቅም። ዛሬ ቅዳሜ ግን ላዲፖ ለምሳ ይመጣል። ስዊድናዊት ባለቤቱ ከሞተች ወዲህ አገሩ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። በኢያ ታይዎ በኩል የላከው መልእክት አጭር ነበር፦ "አንድ ነገር ልጠይቃት እመጣለሁ።" ኢቢሮንኬ ምን እንደሚጠይቃት ታውቃለች፣ ወይም የምታውቅ ይመስላታል። ምን እንደምትመልስለት ነው የማታውቀው።

ከሰሐራ የሚነፍሰው የሐርማታን ነፋስ አቧራ የእህቷን የመመገቢያ ጠረጴዛ ሸፍኖታል። በጨርቅ ወለወለችው፤ ወዲያው ደግሞ ለበሰ።

"ተይው አዱኬ፣" አለች እህቷ ከማድቤት። ይህን የቁልምጫ ስም የምትጠራት አሁን እሷ ብቻ ናት። "አቧራውን ሊያይ አይደለም የሚመጣው።"

ኢቢሮንኬ የሠራችበት ሙያ ብልቃጥ የለውም። ሌሎች ኬሚስቶች ሲያፈሉና ሲያጣሩ፣ እሷና ላዲፖ በወጣትነታቸው አንድ ሃይድሮጂን ከአንዱ ኦክስጅን ወደ ሌላው ሲዘል ምን ያህል የኃይል ጉብታ እንደሚወጣ በወረቀት ያሰሉ ነበር። ኮምፒውተሩን የሚያገኙት በስንት ልመና ነበር፤ ሲያገኙትም መብራት ይጠፋል። ስለዚህ የቆየውን የሙያውን ልማድ ያዙ፦ አንዱን ስሌት ሁለት ሰው ለየብቻው ይሠራዋል፤ እስኪያልቅ ድረስ አንዱ የሌላውን ወረቀት አያይም። መልሶቹ ከተገናኙ ይታመናሉ። ካልተገናኙ ስህተቱ ይታደናል። እሷ በመስኮቱ በኩል፣ እሱ በበሩ በኩል፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ሠሩ። የእርሳሱን ድምፅ ሰምታ መቼ እንደተቸገረ፣ መቼ እንደቀናው ታውቅ ነበር።

ሲጨርሱ የእሷ ጉብታ ከፍ፣ የእሱ ዝቅ ብሎ ተገኘ። እስከ ሰኞ በየቤታችን እንየው ተባባሉ። ላዲፖ ተሳስቷል ብሎ ማሰብ ለኢቢሮንኬ አልሆነላትም። ታላቋ ነው፣ ጠንቃቃ ነው፣ ደግሞም ትወደዋለች፤ ይህን የመጨረሻውን ገና ለራሷም አልነገረችም። ፈልጋ ፈልጋ አንድ የሚያጠራጥር መስመር አገኘችና አስተካከለችው። ቁጥሯም ወርዶ የእሱ ቁጥር ላይ አረፈ።

ሰኞ ጠዋት "የእርስዎ ነው ልክ፤ ስህተቴን አግኝቼዋለሁ" ስትለው ፊቱ ተለዋወጠ። እሱም በበኩሉ አንድ ስህተት አግኝቶ፣ የራሱን ቁጥር ወደ እሷ ከፍ አድርጎ ይዞ መጥቶ ነበር።

ላዲፖ ሳቀ። "ከዚህ ወዲያ ምን ምልክት እንጠብቃለን? ሰዎቼን ወደ አባትሽ ልላክ።"

ኢቢሮንኬ አልሳቀችም። የአራሚ ጥቅሙ ስህተት ለማግኘት መጓጓቱ ነው፤ እነሱ ደግሞ ለመስማማት ሲሉ ሁለቱም የሌለ ስህተት ፈጥረዋል። "ከእንግዲህ እርስዎ ያረሙትን ማመን አልችልም፣" አለችው። ስለ ሥራው ነበር ያለችው። እሱ ግን "እርስዎን ማመን አልችልም" ያለችው መሰለው። የዚያ ዓመት ዝናብ ሳያባራ ወደ ስዊድን ሄደ። እሷ ደግሞ አንድ ጊዜ ዞሮ እንዲጠይቃት ጠበቀች። እሱም፣ ኋላ እንደሰማችው፣ እንድትጠራው ይጠብቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሳተመውን ሁሉ አንብባለች። ማንበብ ብቻም አይደለም፤ እርሳስ ይዛ እያንዳንዱን መስመር እንደገና ታሰላው ነበር፣ አሁንም ጀርባው ከጀርባዋ እንዳለ። አንድ ጊዜ ስህተት አገኘችበት። ያን ሰሞን ሁሉ ደስ ብሏት ሰነበተች፤ የምትጽፍለት ምክንያት አግኝታለችና። ተማሪዎቿ "ፕሮፌሰሯ ምን አግኝተው ነው?" ተባባሉ። ግን ሳትጽፍለት ቀረች።

የበሩ ደወል ጮኸ። ላዲፖ ቀጥኗል፤ ጸጉሩ ጥጥ ሆኗል። ኢያ ታይዎን ሲያይ ለታላቅ እንደሚደረገው የዮሩባ ደንብ በደረቱ መሬት ሊተኛላት ጎንበስ አለ።

"ተው፣ ተው! ወገብህ እዚያው ይቀርና ለሐኪም ጣጣ ትዳርገናለህ፣" አለችው።

በእጁ ወለሉን ነክቶ ተቃና። "ኢያ ታይዎ፣ አላረጁም።"

"አንተ ግን በደንብ አርጅተሃል። በረዶ ሰው ያቆያል ሲሉ ውሸት ነው?"

ወደ ኢቢሮንኬ ዞረ። "ኢቢ።"

"እንኳን ደህና መጡ፣ ቦዳ ላዲፖ።" ታላቅ ወንድም ብላ መጥራቱን ምላሷ አልረሳውም።

የያም ዱቄት ገንፎው አማላ፣ የቅጠል ወጡ እዌዱና ዶሮው ቀረበ። እጃቸውን ታጥበው መብላት ጀመሩ። ለጥቂት ጊዜ ስለ መንገድ፣ ስለ ሞቱ ወዳጆች፣ ስለ መብራት መጥፋት ተወራ። ከዚያ ላዲፖ ጉርሻውን አቁሞ፣

"ያንን ጉብታ እንደገና አሰላሁት፣" አለ።

"የእኔም ተማሪዎች በአዲሱ ኮምፒውተር አሰሉት።"

"ከሁለታችንም ያነሰ ነው፣ አይደል?"

"ከሁለታችንም።" ፈገግ አለች። "ሃይድሮጂኑ ሲዘል ኦክስጅኖቹ ይቀራረባሉ። እኛ በስሌታችን እቦታቸው ላይ አስረን አቆምናቸው።"

"ሁለታችንም አሰርናቸው። ሁለታችንም!"

"እነማንን ነው ያሰራችሁት?" አለች ኢያ ታይዎ። "ከጥንት ጀምሮ አንድ ቃል ከገባኝ ይህን አማላ ለጎረቤት ልስጥ።"

ላዲፖ ያገኘውን ቁጥር ለኢቢሮንኬ ነገራት። ኢቢሮንኬ የተማሪዎቿን ነገረችው። ትንሽ ይለያያሉ።

"እንግዲያ የእናንተው ይሆናል ልኩ፣" አለ ወዲያው። "የእኔን አየዋለሁ።"

ኢቢሮንኬ እጇ ሳህኑ ላይ ቆመ። በዚያችው ቅጽበት እሷም ተማሪዎቼ የቱ ጋ ተሳስተው ይሆን ብላ ማሰብ ጀምራ ነበር። ምንም አልተለወጠም። ሥራዋን ለዚህ ሰው ብትሰጠው እንደገና ያበላሸዋል፤ እሷም የእሱን ታበላሽለታለች። በዚያ ሁሉ ዘመን ማንም እንዲህ ሊያበላሽላት አልፈለገም። እንዲህ ናፍቃው እንደነበር ዛሬ፣ እሱ በአካል ፊቷ ሲቀመጥ፣ ገና ገባት።

"ልጠይቅሽ የመጣሁት፣" አለ ላዲፖ ውኃ ጠጥቶ፣ "ጽሑፉን አብረን እንጨርሰው። ስምሽ ይቅደም።"

ኢያ ታይዎ በጣቷ የያዘችውን ጉርሻ ወደ ሳህኗ መለሰችው።

"ባሕር አቋርጠህ የመጣኸው ለወረቀት ነው?"

"ኢያ ታይዎ፣ እኔ…"

"እኔ ደግሞ ዶሮ አርጄልህ! እውነት ለወረቀት ነው?"

ላዲፖ ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረ። ዓይኖቹ እንደ ልጅ ዓይን እርጥብ ሆኑ። "ሌላውን ለመጠየቅ ፈራሁ፣" አለ። "የሱን መልስ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ይኼኛውን ግን እሺ ልትለኝ ትችላለች ብዬ ነው።"

ከውጭ የጎረቤት ጄነሬተር ተነሥቶ ያጓራ ጀመር። ኢያ ታይዎ ወደ እህቷ አየች።

ኢቢሮንኬ እጇን በመታጠቢያው ሳህን ውኃ ቀስ ብላ ታጠበች፤ አደረቀችም። መጀመሪያ ላዲፖን፣ ከዚያ እህቷን ተመለከተች።

"ኢያ ታይዎ፣ አንቺም ስሚ፣ እሳቸውም ይስሙ፣" አለች። "ጽሑፉን አብሬያቸው አልሠራም። የእኔን ሥራ የሚያርም ሌላ ሰው ይፈለጋል። ላገባቸው ግን ወስኛለሁ።"