እንቁላሉን ማን በላው?

ሲዮምቧ ሰው አታምንም። ማማ ናፉላን ደግሞ ከሁሉ አብልጣ አታምናትም፤ ሌላ መሄጃ ስለሌላት ብቻ ልጇን ንዳኑን ሙኩሩ ሰፈር ባለችው በሴትዮዋ ቆርቆሮ ቤት ታውላታለች። ከመንገዱ ማዶ በግንብ የተሠራ የልጆች መዋያ አለ፤ የሚከፈተው ግን አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሲዮምቧ የምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ በር የሚዘጋው ደግሞ አንድ ሰዓት ላይ። ይህን ሰዓት ያወጣው ሰው ልጅ ታቅፎ ሥራ ሄዶ አያውቅም።

ማክሰኞ ዕለት በንዳኑ ምሳ ዕቃ ከበቆሎ ገንፎው ከኡጋሊው ጋር የተቀቀለ እንቁላል ጨመረችላት። ማታ ዕቃው ታጥቦ መጣ።

«እንቁላልሽን በላሽ?»

«ትንሽዬ» አለች ልጅቷ የጣቷን ጫፍ እያሳየች።

የሲዮምቧ ጥርጣሬ ባሰ። ሴትዮዋ ምን እየበላች ነው እንዲህ የወፈረችው? ልጆቹስ ከሰዓት በኋላ ጭጭ የሚሉት ምን ቢሰጣቸው ነው? ረቡዕም እንቁላል ላከች፤ መልሱ ያው «ትንሽዬ» ሆነ። ሐሙስም እንቁላል አስይዛ ንዳኑን አድርሳ በቀጥታ ወደ ሰፈሩ ሽማግሌ ሄደች።

«ምዜ፣ አባቴ፣ ያቺ ሴትዮ ፈቃድ የላትም። የልጆች ምግብም ትሰርቃለች። አደራ፣ ስሜን እንዳያነሱብኝ።»

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ዛሬውኑ ለአካባቢው ሹም እነግራለሁ።»

ምሳ ሰዓት ላይ ሆዴን አመመኝ ብላ ከፋብሪካው ወጣች፤ በዓይኗ ልታይ። በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮለቀች።

ማማ ናፉላ የአሥራ አንዱንም ልጆች ምሳ ዕቃ አንድ ድስት ውስጥ ትገለብጣለች። ሁለቱ ባዶ ነበሩ፤ ልጆቹ እንዳያፍሩ እነሱንም እንደሞላ ዕቃ ዘቅዝቃ መታ መታ አደረገቻቸው። እንቁላሉን በክር ለአሥራ አንድ ከፈለችው። ልጆቹ ጠግበው ፍራሹ ላይ ሲዘረሩ ለራሷ ባዶ ሻይ ቀዳች።

ሲዮምቧ አፈረች፤ ደግሞም ፈራች። ወደ ሽማግሌው ቤት ሮጠች።

«ሹሙ ጋ ከሄደ ቆየ» አለቻት ሚስቱ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ የሲዮምቧ ግን የሚለቀም አልነበረም። ስትመለስ የቆርቆሮው በር በሰንሰለት ታስሯል፤ ልጆቹ ምሳ ዕቃቸውን ታቅፈው ደጅ ተደርድረዋል።

«ማማ ንዳኑ! እንኳን መጣሽ» አለች ማማ ናፉላ ዓይኗን እያበሰች። «የሹሙ ሰዎች ዘጉብኝ እኮ! ነገ ልጆቹን የት ልታደርጓቸው ነው? ማን ይሆን የጠቆመብኝ?»

ሲዮምቧ ልጇን ብድግ አደረገች። እኔ ነኝ ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ሌላ ነበር።

«ከነዚያ ባዶ ዕቃ ከሚልኩት አንዷ ናት እንጂ ማን ትሆናለች!»

ማማ ናፉላ እንባዋን መጥረጓን ተወችና ትኩር ብላ አየቻት።

«ባዶ ዕቃ እንደሚመጣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም» አለች። «አንቺ በምን አወቅሽ?»