ጋሼ ፊሊጶስና ያልታወቀችው መኪና

የሰፈራችን ሰው በሽተኛ ሊጠይቅ ሲመጣ ብርቱካንና ምክር ይዞ ነው የሚመጣው። ብርቱካኑስ ይበላል። ምክሩን ግን ወላሂ ለጠላቴም አልመኘውም።

ልጄ ሲሃም ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ለቡ በሚያመጣው የውስጥ መንገድ ስትሻገር መኪና ገጭቷት አመለጠ። ዝናብ ስለነበር መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም፤ ጨለምለም ብሏል። ቀኝ ጭኗ ተሰበረ። ይኸው ብረት ገብቶላት አልጋ ላይ ተጋድማለች፤ ጠያቂው ሁሉ ደግሞ ከራስጌዋ ቆሞ ይፈላሰፍባታል። "ታርጋውን ማየት ነበረባት እኮ!" ይላል አንዱ። አየር ላይ የተወረወረች ልጅ ታርጋ ታንብብለት! "ስልክ እያወራች ይሆን የተሻገረችው?" ትላለች ሌላዋ፣ የእኔን ሙዝ እያላመጠች። "አንዴ ካመለጠ አመለጠ ነው፤ ለአላህ ስጡት" የሚሉም አሉ። ለአላህማ ሰጥተናል። ለሐኪሙስ ምን እንስጠው? አጥንቷ ተንሻፎ ገጥሟል፣ በቶሎ እንደገና ካልተሠራ ዕድሜ ልኳን ታነክሳለች ብሎናል። ያለንን ጥሪት የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ጠራርጎ ወስዶታል። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ ባለቤቴ ኑሪ የሰው ሱቅ ይጠብቃል። ሲሃም መካኒሳ አቦ ፀጉር ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትሠራ ልጅ ናት። እግሯ ከሄደ እንጀራዋም ሄደ ማለት ነው።

ጋሼ ፊሊጶስ የመጣው በዚህ መሃል ነው። የእድራችን ጸሐፊ ነው። ድሮ "እሳቸው" እለው ነበር፤ አሁን ወርዷል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የማያውቀው ነገር የለም። ስለ ቦታ ካርታ ጠይቁት ያውቃል፤ ስለ ስኳር በሽታ ጠይቁት ከሐኪሙ ቀድሞ ይመልሳል። ለሐዘንተኛ የእድር ድንኳን ለመስጠት እንኳ ሰው የሚያመላልስ ሰውዬ ያን ቀን ወንበር ስቦ ከልጄ አጠገብ ተቀመጠ።

"አይዞሽ ሐሚዳ" አለኝ። "የመድን ፈንድ የሚባል አለ። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ካልታወቀ ለተጎጂው ካሳ የሚከፍለው እሱ ነው። የፖሊስ ማስረጃና የሐኪም ማስረጃ ይዛችሁ መሄድ ብቻ ነው።" ከዚያ ጣቱን ቀሰረ። "ካልታወቀ ነው ታዲያ! ከታወቀ ጉዳያችሁ ከሰውዬው ጋር ነው፣ ፈንዱ አያገባውም። ስለዚህ ካሜራ ምናምን እያላችሁ ሱቅ ለሱቅ አትዙሩ። ራሳችሁን ነው የምትጎዱት።"

እኔም መረቅኩት። ሻይ አፈላሁለት፤ ሁለተኛ ሲለኝ ደገምኩለት። ያ ሻይ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከጠያቂዎቹ ሁሉ የማይቀረው አናስ ነበር፣ የኑሪ የእህቱ ልጅ። አናስ የጋሼ ፊሊጶስን ቪትዝ መኪና ይዞ ሰው በማመላለስ ነው የሚተዳደረው። ሰሞኑን ግን "ሞተሯ አስቸግሮኝ ጋራዥ አስገብቻታለሁ" ብሎ ሥራ ፈትቶ እኛ ጋ ይውላል። የምንኖረው ለቡ መብራት ኃይል፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ለሐኪም ቀጠሮ ሲሃምን አዝሎ የሚያወርዳትም የሚያወጣትም እሱ ነው። ጎረቤት ደረጃው ላይ ቆሞ ያየዋል። "ወይኔ፣ እንዲህ ያለ ወንድም የታደለ!" ይላሉ። ጫልቱ እንኳ፣ ለማንም ደግ ቃል የማይወጣት የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ፣ "ለልጄ እንዲህ ያለ ባል ይስጣት" ብላለች። እሱ አንገቱን ደፍቶ "ኧረ ምን አደረግኩ" ይላል። እውነቱን ነው፤ ምን እንዳደረገ የጠየቀው የለም።

ሲሃም እሱ በመጣ ቁጥር ወደ ግድግዳው ትዞራለች። እኔ ሕመሙ ነው ብዬ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ገላዋን ሳጥባት እጄን ያዘችኝ።

"እማ፣ አናስ ከእንግዲህ እንዳይሸከመኝ።"

"ምን አደረገሽ?"

"እሱ ነው የገጨኝ። በጋሼ ፊሊጶስ መኪና።"

እጄ ላይ ያለው ሳሙና ወደቀ። ለምን እስከ ዛሬ ዝም እንዳለች ስጠይቃት እንባዋ መጣ። መጀመሪያ ሊጠይቃት የመጣ ዕለት አናስ ጆሮዋ ሥር ተንበርክኮ ለምኗታል። "መኪናዋ ሦስተኛ ወገን መድን የላትም፣ እኔም ምንም የለኝም፣ ስሜን ከጠራሽ ፈንዱ ይቀርብሻል፣ እግርሽን የሚያሠራልሽ ታጫለሽ" ብሏታል። ይህን የሰማው ከሕግ አዋቂው ከጋሼ ፊሊጶስ ነው። የእኔ ልጅ እግሯን ለማዳን ስትል የገጫት ሰው ጀርባ ላይ ታዝላ ስትወጣና ስትወርድ ከርማለች!

ደሜ ፈላ። አናስን ያን ሰዓት ባገኘው በመቀስ ነበር የምከታትፈው። ግን አንድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ቆመ፤ ፊሊጶስ ለማን ብሎ ነው እንዲህ የተጨነቀው? እሱ እኮ ለገዛ ወንድሙ ልጅ ሠርግ እንኳ አልተጨነቀም። ነጠላዬን ደርቤ ታክሲ ያዝኩና ወደ መድን ፈንዱ ቢሮ ሄድኩ።

ወረፋ ጠብቄ ገባሁ። አንዲት ወጣት ሠራተኛ አነጋገረችኝ። የማንንም ስም ሳልጠራ ጠየቅኳት፤ "የገጨው መኪና ቢታወቅ፣ ነገር ግን መድን ባይኖረውስ?"

"ያው ነው እናቴ" አለችኝ። "ያልታወቀም ቢሆን መድን የሌለውም ቢሆን ተጎጂው ካሳውን ከፈንዱ ያገኛል። መድን የሌለው ከሆነ ግን ፈንዱ የከፈለውን ከመኪናው ባለቤት መልሶ ይጠይቃል።"

"ከሹፌሩ?"

"ከባለቤቱ። መድን መግባት የእሱ ግዴታ ነው።"

"ተጎጂዋ እያወቀች አላውቅም ብላ ቃሏን ብትሰጥስ?"

ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየችኝ። "እንደሱ እንዳታደርጉ። የሐሰት ማስረጃ ነው፤ ልጅቷም ትጠየቃለች፣ ካሳውም ችግር ይገጥመዋል።"

ድንቄም ሕግ አዋቂ! ለእኛ ሲያስብ ነው ያልኩት ሰውዬ ኪሱን ሲያስብ ነው ለካ። ልጄ እንድትዋሽለት፣ ከተያዘች እሷ እንድትታሰርለት፣ እሱ ደግሞ ቁጭ ብሎ የእኔን ሻይ እንዲጠጣ! ታክሲ ውስጥ ለብቻዬ እየተሳደብኩ ነው ቤቴ የደረስኩት። ረዳቱ "እናት፣ ሰላም ነው?" ሲለኝ ለእሱም ደረብኩለት።

ለኑሪ ነገርኩት። ይኼ ደግሞ ሌላው ስህተቴ! ኑሪ ክፋት የለበትም፤ አከርካሪም የለውም። ሽማግሌ "ቀኑ ጨልሟል" ቢለው በጠራራ ፀሐይ አምፖል የሚያበራ ሰው ነው። "የእህቴ ልጅ እኮ ነው፣ ወጣት ነው፣ ይታሰርብኛል" እያለ ተንቆራጠጠ። ከዚያ ለእህቱ ደወለ። እህቱ ለአናስ፣ አናስ ለፊሊጶስ። ሲሃም ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን ልትሰጥ ቀጠሮ የያዘችው ለሰኞ ነበር። እሑድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ፤ ሽማግሌዎች መጡ።

ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። ሀጂ ሃምዛ፣ የኑሪ አጎት፣ ፊት ሆነው። ኦቦ ዲንሳ፣ የእድራችን ሊቀመንበር፣ ከኋላ። ሦስተኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሼ ፊሊጶስ! ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ሽማግሌ ሆኖ መጣ። ሶፋው ላይ መሃል ላይ ተቀመጠ። አናስ በሩ ሥር ወለል ላይ ኩርምት አለ። ሲሃምን ፍራሽ ላይ ደግፌ አስቀምጫታለሁ።

ሀጂ ሃምዛ ዱዓ አድርገው ጀመሩ። ልጁ ጥፋቱን እንዳመነ፣ ደም ደምን እንደማይከስ፣ ነገሩ በእርቅ ቢያልቅ እንደሚሻል ተናገሩ። ፊሊጶስ ተቀበላቸው።

"ነገ ሲሃም 'መኪናውን አላወቅኩትም' ብላ ቃሏን ትሰጣለች። ፈንዱ ይከፍላል፣ እግሯ ይታከማል፣ አናስም ይተርፋል። ማንም አይጎዳም። ሕጉ ራሱ የሚለው ይህንኑ ነው።"

"ሕጉን ጠይቄ መጥቻለሁ" አልኩት። ፈንዱ ቢሮ የሰማሁትን አንድ በአንድ ዘረገፍኩት። "መኪናዋ ብትታወቅም ባትታወቅም ለልጄ ይከፈላታል። ብትታወቅ የሚጎዳው አንድ ሰው ነው፤ እሱም መሃል ላይ ቁጭ ብሏል።"

ኦቦ ዲንሳ ዞር ብለው አዩት። "ፊሊጶስ፣ መኪናህ መድን የላትም እንዴ?"

"ላሳድስላት ስል እኮ ነው..."

"አልነገርከንም!"

"ዋናው ነገር እሱ አይደለም ኦቦ፣ ዋናው..."

"ሽማግሌ ሆነህ ነው የመጣኸው ተከሳሽ?" አልኩት። አንተ ብዬው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ጣፈጠኝ።

"ሐሚዳ!" ብለው ሀጂ ተቆጡ። "ሽማግሌ ፊት!"

ፊሊጶስ እንደ ተበደለ ሰው ተነፈሰ። "እኔ ግድ የለኝም፣ ትስደበኝ። ነገሩ ግን ገጭቶ ማምለጥ ያሳስራል። ይህ ልጅ ወህኒ ቢገባ እናቱ ትሞታለች። ኑሪ፣ አንተ ነህ አባወራው። የእህትህን ልጅ ታሳስራለህ?"

ሁሉም ወደ ኑሪ ዞሩ። ኑሪ ላብ በላብ ሆኗል። አወቅኩት፤ "እሺ፣ ሽማግሌ ካለ" ሊል ነው። ይህችን ቃል ሲል አብሬው አርጅቻለሁ።

"አንድ ነገር ልጠይቅ" አለች ሲሃም።

እሷ አናስን ብቻ ነበር የምታየው።

"ከመኪናው ወርደህ መጣህ አይደል? ጎንበስ ብለህ 'ሲሃም' አልከኝ። እጅህን ያዝኩህ። ጣቴን ፈልቅቀህ ነው የሄድከው። ለምን እንደሄድክ ንገረኝ።"

ይህን ለእኔም አልነገረችኝም ነበር። አናስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

"ደንግጬ ለጋሼ ፊሊጶስ ደወልኩ" አለ። "'ያየህ ሰው አለ?' አለኝ። የለም አልኩት። 'ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ መኪናዋን ይዘህ ና' አለኝ።"

"እኔ መሆኔን አልነገርከውም?"

"ነግሬዋለሁ። የኑሪ ልጅ ሲሃም ናት አልኩት።"

"እሱስ?"

"'ብትሆንስ?' አለኝ።"

ፊሊጶስ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ። ኦቦ ዲንሳ ከአጠገቡ ፈቀቅ አሉ። ሀጂ ሃምዛ መቁጠሪያቸውን ጨብጠው "አስተግፊሩላህ" አሉ፣ ደግመው ደጋግመው።

ኑሪ ተነሳ። የእኔ ኑሪ! በሩን ሄዶ በሰፊው ከፈተና "ጫማችሁን አድርጉ" አለ።

እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ሽማግሌ ተሸኝቶ እንጂ ተባሮ አያውቅም። ሀጂ "ልጄ..." ሲሉት "አጎቴ፣ እርስዎም" አለ። ኦቦ ዲንሳ ሲወጡ ሲሃም ፊት ቆመው "አልሰማሁም ነበር ልጄ፣ ይቅር በይኝ" አሏት። ፊሊጶስ ጫማውን እግሩ ላይ ሳያስገባ፣ እየጎተተ ነው ደረጃውን የወረደው። ጫልቱ በሯን ገርበብ አድርጋ ታዳምጥ ስለነበር መሽቶ ሳይነጋ ለቡ በሙሉ ይሰማዋል ብዬ ደስ አለኝ። ደስ ካለኝ ምን ይደረግ።

በማግስቱ ሲሃምን ያወረዳት አባቷ ነው። ወገቡን ያመዋል፤ በየፎቁ እየቆመ ያለከልካል፤ ጎረቤት "እንርዳህ" ሲለው በጄ አላለም። አናስ ቀድሞን ሄዶ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ኑሪ ሳያየው አለፈ።

መርማሪው ሲሃምን ጠየቃት፣ እሷም ሁሉንም ተናገረች። የመኪናዋን ባለቤት ስም ስትጠራ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ መርማሪው ወደ እኛ ዞረ።

"ከአሽከርካሪው ጋር ዝምድና አላችሁ?"

እኔ ልመልስ ስል ኑሪ ቀደመኝ።

"የእህቴ ልጅ ነው" አለ።

መርማሪው እስክሪብቶውን አቆመ። ስንቱን ዘመድ አይቶ ይሆናል፣ በዚህ ቦታ ላይ "እንግዲያው እንታረቅ" የሚል። "ልጻፈው?" አለ።

"ጻፈው" አለ ኑሪ። "የእህቴ ልጅ ነው። ልጄ እጁን ይዛው ጥሏት ሄደ። እንዳለ ጻፈው።"