የበረንዳው ሌላኛው ግማሽ

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ከአንዲት ሴት ልጁ ጋር የተወራረደው በእንጨት በረንዳው ነው።

ልጁ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። «ብቻህን ከምትሆን እኔ ጋ ግባ፤ ቤቱን እናከራየው» የሚለውን ምክር እንደ መድኃኒት ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ ስትሰጠው ከረመች። አልዋጥ ሲለው አንድ ቀን እጁን ወደ በረንዳው ዘረጋ።

«ይህን ብቻዬን አጥቤ፣ ፍቄ፣ ቀብቼ ካሳየሁሽ ወሬው ያበቃል።»

«ካልጨረስክስ?»

«ሻንጣዬን ተሸክሜ በርሽ ላይ ታገኚኛለሽ።»

«ቃል ነው አባዬ?»

«ሹፌር ቃሉን ካጠፈ ተሳፋሪ የት ይደርሳል?»

ቀላል ውርርድ አልነበረም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በረንዳውን የነካው ሰው የለም። ከሳሎኑ በር አንስቶ ወደ አትክልቱ እስከሚያወርደው ደረጃ የተነጠፈው ጣውላ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት አመድ መስሏል። አሸንዳው በሚያንጠባጥብበት ጥግ አረንጓዴ ሻጋታ ይዞታል፤ ምስማሮቹም መንገደኛ ለማየት እንደሚንጠራሩ ልጆች አንገታቸውን ብቅ ብቅ አድርገዋል።

ሰኞ ዕለት የአበባ ማስቀመጫዎቹን አነሳና ምስማሮቹን መልሶ መታ። በሳሙናና በሸካራ ብሩሽ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ሲያሸው የሚወርደው ውሃ ጭቃ መሰለ። ደርቆ እስኪነጣ ጠብቆ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው። ልጁ በመሃል እንደ ትራፊክ ፖሊስ ብቅ ብላ ጣውላውን በመዳፏ ዳሰሰች።

«ወገብህስ?»

«መንጃ ፈቃዱ አላለፈበትም።»

«እሱን መርማሪው ይወስናል» አለችና ሳቋን ደብቃ ሄደች።

ቅዳሜ ምሳ ይዛ መጣች። እንደማትረዳው ምላ፣ ሳሎን ውስጥ በሩ አጠገብ መጽሐፍ ገልጣ ተቀመጠች። እሱ ጣውላው ላይ ውሃ ጠብ አደረገ፤ እንጨቱ ወዲያው ጠጣው። ደርቋል ማለት ነው። እንደ ልማዱ ሁለት ቆርቆሮ ቡናማ የእንጨት ቅባት ገዝቷል። አንዱን በሩ ስር አኖረና ሌላውን ይዞ መሃል ላይ ተንበረከከ።

ድሮም የሚጀመረው ከመሃል ነበር። እሱና ሚስቱ ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ሊነካኩ ምንም ሳይቀራቸው ይንበረከኩና፣ እሱ ወደ ደረጃው፣ እሷ ወደ በሩ እያፈገፈጉ ይቀባሉ። በሹክሹክታ የተጀመረው ጨዋታ እየተራራቁ ሲሄዱ ጩኸት ይሆናል። ሲጨርሱ እሷ ቤት ውስጥ ናት፣ እሱ ሜዳ ላይ። ቤቱን ዞሮ የማድቤቱን በር ሲያንኳኳ ከውስጥ «ሞልቷል! ቀጣዩን ጠብቅ!» ትለዋለች። «ግዴለም፣ ቆሜም ቢሆን እሄዳለሁ» ካላለ አይከፈትለትም።

ዓይኑን ከብሩሹ ሳያነሳ ቀባ። አንድ ጣውላ በጨረሰ ቁጥር ትርፉን በጨርቅ ይጠርግና ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላል።

«ቶሎ ጥረጊው፣ ኋላ ይጣበቃል» አለ።

«እኔን ነው አባዬ?» አለች ልጁ ከውስጥ።

ብሩሹ ቆመ። «አይ፣ አንቺን አይደለም።»

ከዚያ በኋላ የመጽሐፍ ገጽ ሲገለጥ አልተሰማም።

እግሩ የደረጃውን ጠርዝ ሲነካ ቀና አለ። እሱ የቀባው ማር መስሎ ያበራል። ከመሃል ወዲያ ያለው፣ እስከ በሩ ድረስ፣ እንደገረጣ ነው። ማን ይቀባዋል ብሎ እንደጠበቀ እሱም አላወቀም።

ዞሮ መግባት ይችል ነበር። ቅባቱ አለ፣ ብሩሹ አለ፣ ወገቡም ገና አልለገመም። ግን ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ልጁ በሩ ላይ ብቅ አለች። «ምነው አባዬ? በማድቤት ዙርና በዚህ በኩል ቀጥል እንጂ። ገና ቀን ነው።»

«በዚያ በኩል ተንበርክኬ አላውቅም።»

ልጁ ያልተቀባውን ጣውላ ተመለከተች።

«ረትተሽኛል» አለ። «ሻንጣው ቁም ሳጥኑ ላይ ነው።»

ወደ ውስጥ ገባች። ሻንጣውን ልታወርድ መሰለው፤ የሰማው ግን የመሳቢያ ድምፅ ነው። ስትመለስ እጅጌዋን ሰብስባለች። እናቷ ጣቶቿን ሲቆረጥማት እጀታውን በጨርቅ የጠቀለለችውን ብሩሽ ይዛለች። የደረቀውን ጸጉር በጣቷ አፍታታች፣ በሩ ስር የነበረውን ቆርቆሮ ከፈተች፣ መጥታ መሃል ላይ ተንበረከከች።

«አታጥግቢው» አላት ከደረጃው። «ጫፉን ብቻ ንከሪው። መስመሩን ተከተይ። ኧረ ቀስ!»

«ሹፌር ማነጋገር ክልክል ነው!»

ሳቅ አመለጠው። ወደ በሩ ባፈገፈገች ቁጥር እሱም ድምፁን ከፍ እያደረገ፣ ስለ አሸንዳው፣ ስለ ጎረቤት ድመት፣ ስለማይረባውም ሁሉ አወራት። የመጨረሻውን ጣውላ ደፉ ላይ ቆማ ጎንበስ ብላ ቀባችና በሩን ዘጋች።

ቤቱን ዞሮ የማድቤቱ በር ፊት ቆመ። እንዳልተቆለፈ ያውቃል። አንኳኳ።

የሰማችው ልጅ ሆና ነው፤ ከየት ታስታውሰዋለች? እጁን ወደ እጀታው ላከ።

«ሞልቷል!» አለ ድምፅ ከውስጥ። ቀጣዩን ጠብቅ አላለችም። ወይ ረስታዋለች፣ ወይ ሊወጣላት አልቻለም።

እጁን ከእጀታው መለሰ። «ግዴለም። ቆሜም ቢሆን እሄዳለሁ።»

ተከፈተ። አፍንጫዋ ላይ ቡናማ ነጥብ አለ። ፊቷን ቶሎ አዙራ ብሩሹን በጨርቅ መጥረግ ያዘች።

«ብቻህን አልጨረስክም» አለችው።

«አልጨረስኩም።»

«እኔም አልረዳህም ብዬ ምዬ ነበር። ስለዚህ ውርርዱ ፈርሷል፤ ሻንጣው እዚያው ይቀመጥ። ግን መጪው በጋ ሳልመጣ ብትጀምር እንጣላለን።»

«ያ ከምግብ በኋላ የሚሰጠውስ?»

«መጠኑን ቀንሼዋለሁ» አለችና ምሳውን ልታሞቅ ሄደች።